ጎጆ፥ ግምብና እሳት፤ ቤት በወንጀል ተረክ ውስጥ ስላለው ሥራ

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፥ የደምብያ ሜዳ ከውኃው ጋር በሚገናኝበት በጎርጎራ፥ ሁለት ዓይነት የቤት አሠራር ጎን ለጎን ይገኛል። አንደኛው በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በድንጋይና በኖራ የተሠራው ግምብ ነው፤ ከእርሱም የቀረው ፍርስራሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው በእንጨትና በጭቃ ቆሞ ሣር የሚከደነው ጎጆ ነው፤ እርሱ ግን በየትውልዱ እየፈረሰና እየተሠራ፥ ደብረ ሲና ማርያምን የመሰለች በሥዕል ያጌጠች ክብ ቤተ ክርስቲያን ጭምር አልብሶ፥ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ጽፈዋል። ስለ ተረክ የሚጽፉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ሳያስተውሉ ያለፉ ይመስላል፤ ይኸውም ወንጀልን የሚተርክ ድርሰት፥ በመጽሐፍ ቢታተምም በቴሌቪዥን ቢታይም፥ ሴራው በአብዛኛው የሚወሰነው ወንጀሉ የተፈጸመበት ቤት ከምን እንደ ተሠራ በመሆኑ ነው። የድንጋይ ቤት የቁልፍን ታሪክ ይወልዳል፤ የሣር ቤት የእሳትን ታሪክ ይወልዳል። በቁልፍ ታሪክ የሚጠየቀው «ማን ሊገባ ቻለ?» የሚል ነው። በእሳት ታሪክ ግን አንድ ጭራ የያዘ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ስለሚችል፥ ጥያቄው «ማን ይጠላው ነበር?» ወደሚል ይዞራል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ መርማሪ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ግን መላውን መንደር ካልሰበሰበ መልስ አያገኝም።

ነገሩን ለመረዳት ጎጆው ራሱ እሳትን እንዴት እንደሚይዝ ማየት ያስፈልጋል። ምሰሶው መካከል ላይ ይቆማል፤ ግድግዳው በማገር ታስሮ በጭቃ ይመረጋል፤ ጣራው ሣር ነው። ከዚህ ሁሉ ተቀጣጣይ ነገር በታች፥ በሦስት ጉልቻ መካከል እሳት ይነዳል። ጭሱ የተለየ መውጫ ስለሌለው በክዳኑ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ከተባይ ይጠብቀዋል፤ ከውስጥ በኩል በጥቀርሻ ያለብሰዋል። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ጧት ይቆሰቆሳል፤ ያሳደረችው እሳት የጠፋባት ሴትም ከጎረቤቷ ጭራ ትመጣለች። ስለዚህ እሳት በጎጆ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ አደጋ ከመሆኑ በፊት ዕለት ዕለት የሚጠበቅ ቤተኛ ነው። ጭስ በሌለበት ሰው የለም። በሰው መሬት ላይ ያድር የነበረውን ገበሬ «ጭሰኛ» ያሰኘው ይኸው አስተሳሰብ ነው፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቢቀርም፥ ቃሉ ግን አንድ ቤተ ሰብ የሚቆጠረው በምድጃው ጭስ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ቤት የሚለውም ቃል እንዲሁ ሥራ የበዛበት ነው። ፍርድ ቤት፥ እስር ቤት፥ ተማሪ ቤት ይባላል፤ ገጣሚው እንኳ የስንኙን መዝጊያ ድምፅ «ቤት» ብሎ ይጠራዋል፤ ስንኙ ያልገጠመለት ሰውም ቤት አልመታም ይባላል።

እንግዲህ በዚህ አገር የሰውን ቤት ማቃጠል ማለት ንብረት ማጥፋት ብቻ አይደለም፤ ቤተኛውን በባለቤቱ ላይ ማስነሣት ነው። ሌባ ግድግዳ ሰርስሮ በእንግድነት ይገባል፥ የሚፈልገውን ይዞ ይወጣል። አቃጣዩ ግን ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ጣራው ከደጅ ይደረስበታል፤ የቀረውን ሣሩና ነፋሱ ይፈጽሙለታል። ደም በተቃቡ ወገኖች መካከል ገዳዩ ከሸሸ በኋላ ቤቱና ክምሩ ለበቀል ሲጋለጥ መታየቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ሰውዬው ባይገኝ ቤቱ ይገኛል፤ ቤቱም ሰውዬውን ተክቶ ይቀጣል። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የሞተውን ሰው ጉዳይ ብቻ ይዘው የማይነሡት፥ ማን የማንን ቤት እንዳጋየም የሚያነሡት ስለዚህ ነው።

የግምቡን ወገን በሚመለከት ከዚያው ከጎርጎራ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ፥ ለአፄ ሱስንዮስ በሐይቁ ዳር ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት እንዳሠራላቸው ይታወቃል፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1622 በዚያው በጎርጎራ ሞተ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ በንጉሡ የሃይማኖት ዝንባሌ የተቆጡ መኳንንት፥ ከእነርሱም መካከል አማቻቸው ዮልዮስ፥ ንጉሡን በቤታቸው ለመግደል ይመክራሉ። ንጉሡ ነገሩ ስለ ገባቸው፥ ምንም እንዳልጠረጠሩ ሆነው ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው ደረጃ ይወጣሉ። የደረጃው በር ግን ከውጭ በማይከፈት፥ ሲገፉት በራሱ በሚቆለፍ ብልኃት የተሠራ ስለ ነበረ፥ ከኋላቸው ይዘጋል። ሴረኞቹ ከታች ይቀራሉ። ዮልዮስ በኋላ በ1617 ሠራዊት አሰልፎ በግልጽ ተዋጋ፥ በዚያም ሞተ። ብሩስ የጻፈው ከ170 ዓመት ያህል በኋላ ስለ ሆነ፥ ትረካው በአፍ ሲተላለፍ የተዋበ ሊሆን ይችላል። ለሒስ የሚጠቅመው ግን ውበቱ ራሱ ነው። የንጉሡን ነፍስ የሚያድነው ዘበኛ አይደለም፥ ጸሎትም አይደለም፤ የበሩ አሠራር ነው። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ባሳተመው የሞርግ መንገድ ግድያዎች ታሪክ የተዘጋ ክፍልን የወንጀል ልብ ወለድ መነሻ አድርጓል ይባላል፤ የጎርጎራው ታሪክ ከዚያ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፥ ያውም በተቃራኒው፤ ገዳዩ ሊወጣ የማይችልበት ሳይሆን ሊገባ የማይችልበት ክፍል ነው። በጎጆ ውስጥ ይህ ታሪክ ሊደርስ አይችልም። የጎጆ መዝጊያ መቀርቀሪያ ቢኖረውም ጥበቃው ውሻው፥ አጥሩና ጎረቤቱ ነው። ሱስንዮስ በጎጆ ቢያድሩ ኖሮ ሴረኞቹ በር ባልፈለጉም ነበር።

የእሳቱ ወገን ታሪክ ከሐይቁ ወደ ጎንደር ከፍ ሲሉ ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም ጭምር አቃጠሉ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ መቅደላን የእንግሊዝ ጦር አቃጠላት። ጎንደርን በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች እንደገና አቃጥለዋታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃጠሎዎች ለድርሰት የሚያስቸግሩት አቃጣዩ የታወቀ በመሆኑ ነው፤ «ማን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ድራማ ጀምሮ፥ የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. እስካሳተመው «የቴዎድሮስ ዕንባ» ድረስና ከዚያም ወዲህ፥ ደራስያን ንጉሡን ከሽፍትነት ስም አውጥተው የአንድነት አባት ለማድረግ ደክመዋል። ድካማቸውም ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን የደራሲው ዓይን በንጉሡ ነፍስ ላይ ሲያተኩር እሳቱ የዚያች ነፍስ ማብሪያ ወደ መሆን ያዘነብላል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ደግሞ ከመድረኩ ጥግ ይቀራል። አሳዛኝ ጀግናን የሚያህል ርእስ የያዘ ደራሲ ለአንድ ነጋዴ ጣራ ቦታ ማጣቱ አይፈረድበትም ይባል ይሆናል። ሆኖም ቃጠሎን ከተቃጣዩ ሳይሆን ከአቃጣዩ ልብ የመጀመር ልማድ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም።

ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አለ፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። «አፈርሳታ» የተባለው አጭር ልብ ወለዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ታተመ። ቦታው ጉራጌ አገር ነው። ናማጋ የሚባል ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ አቃጣዩ አይታወቅም፤ የሠላሳ መንደር ወንዶች ነገሩን ለማውጣት ይሰበሰባሉ። መጽሐፉ ከዚህ በላይ ሴራ የለውም ማለት ይቻላል።

አፈርሳታ፥ በአማራው አገር አውጫጭኝ የሚባለው፥ ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ወይም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ፥ የሰማውንና ያየውን በመሐላ እንዲያወጣ የሚደረግበት ሥርዓት ነበር። ሥራ ይፈታል፤ ከብት ያለ እረኛ ይውላል፤ ነገሩ እስኪወጣ ሰው ወደየቤቱ በፈቃዱ አይሄድም። በይፋ ለመናገር የሚፈራ ሰው ያወቀውን በስውር የሚያደርስበት መንገድም ነበረ፤ ወሬውን የሚያመጣው ምስጢረኛ «ወፍ» ይባል ነበር። ወንጀለኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከወጡ በኋላ፥ ምርመራ የፖሊስ፥ ክስም የዐቃቤ ሕግ ሥራ ሆኖ ሥርዓቱ ቦታውን ለቀቀ። ሣህለ ሥላሴ መጽሐፉን የጻፈው እንግዲህ ነገሩ ከእጅ በሚያመልጥበት ሰዓት ነው፤ የጽሑፉም ጥቅም ግማሹ ከዚህ ይመጣል።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ሰዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ አንዳንዶቹ አንድ አሳብ ተሸክመው ለመናገር ብቻ የመጡ ይመስላሉ። ደራሲው ልማዱን ለውጭ አንባቢ ለማስረዳት ሲል ታሪኩን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል፤ የአገሩ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲነገረው ይሰለቻል፥ የውጭው አንባቢ ደግሞ ልብ ወለድ ፈልጎ ትምህርት ያገኛል። እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፤ ሽታው፥ ሙቀቱ፥ በአመዱ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ገጾቹን ሊሞላ ሲችል በጥቂት ቃል ይታለፋል። ነገር ግን የሴራው አሠራር ትክክለኛ ነው፥ ይህም ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ጎጆ ከተቃጠለ ሊፈለግ የሚገባው የጣት አሻራ አይደለም፤ አሻራውን እሳቱ በልቶታል። የሚቀረው ማስረጃ በሰዎች መካከል ያለው ነገር ነው፤ የድንበር ጠብ፥ የጋብቻ ቂም፥ የወንድማማች ቅናት። ይህንንም ሊያወጣ የሚችለው ቂሙን የሚያውቀው መንደር ራሱ ነው፤ ሊሸፍን የሚችለውም እርሱው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ አቃጣዩ አለመገኘቱ፥ የመርማሪ ታሪክ መውደድ የለመደውን አንባቢ ያበሳጫል። ደራሲው ግን አልተሳሳተም። ሸክሙን ሁሉ ሰው ሲካፈለው፥ ከከፋዮቹ አንዱ አቃጣዩ ራሱ መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ ተሰብሳቢዎቹም ያውቃሉ። ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ የወንጀል ታሪክ ፍጻሜ ማግኘት ያስቸግራል።

ከአፈርሳታ ጎን አንድ ሌላ አሮጌ የምርመራ ልማድ ነበረ፥ ሌባሻይ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ አእምሮው ሲሰወር ከተሰረቀው ቤት ተነሥቶ ይሮጣል፤ ከአንዱ ቤት ገብቶ የወደቀ እንደ ሆነ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ግፉ የታወቀ ስለ ሆነ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ፤ ማንም አይናፍቀውም። እዚህ የተነሣበት ምክንያት፥ ይኸው ልማድ ባልታሰበ ስፍራ፥ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ውስጥ ተመልሶ ስለ ታየ ነው።

ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩት «ትዊን ፒክስ» የተባለው ተከታታይ የወንጀል ድራማ በአሜሪካ ከሚያዝያ 1990 እስከ ሰኔ 1991 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ታየ፤ በ2017 ደግሞ በ18 ክፍሎች ተመልሶ ቀረበ። በተራራና በጫካ በተከበበች ትንሽ ከተማ ሎራ ፓልመር የምትባል ተማሪ ተገድላ በውኃ ዳር ትገኛለች፤ የፌዴራል ፖሊሱ ዴል ኩፐር ገዳዩን ለመፈለግ ይመጣል። ኩፐር ማስረጃ ይሰበስባል፤ ይሁን እንጂ ወደ ገዳዩ የሚያደርሰው ሕልሙ ነው። አንድ ጊዜም የተጠርጣሪዎቹን ስም እያስጠራ በጠርሙስ ላይ ድንጋይ ይወረውራል፤ ጠርሙሱ የተሰበረበት ስም ይመረመራል። የውጭ አገር ሐያስያን ይህን እንደ ቀልድ ወይም እንደ አዲስ ፈጠራ አወደሱት። ሌባሻይን ለሚያውቅ ሰው ግን አዲስነቱ ብዙ አይደለም፤ አእምሮው የተሰወረ ሰው እየሮጠ ቤት ይመርጣል። የሚያስገርመው፥ በአሜሪካው ድራማ የተመረጠው ቤት ትክክለኛው ሆኖ መገኘቱ ነው። ልማዱን ስለ ግፉ ከከለከለ አገር የመጣ ተመልካች በዚህ ቦታ ትንሽ ቢሸማቀቅ አይደንቅም።

የድራማው ዋና ጉዳይ ቤትና እሳት ነው፤ ሁለቱ ግን እኩል አልተሠሩም። የከተማይቱ ሕይወት የእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ነው። በመጀመሪያው ተከታታይ መጨረሻ ላይ ፋብሪካው ይቃጠላል። ሀብታሙ ቤን ሆርን መሬቱን ስለሚፈልገው ሊዮ ጆንሰን የተባለውን ወንበዴ ይልካል፤ ሊዮም የገዛ ሚስቱን በውስጡ አስሮ ይለኩሰዋል፤ ካትሪን ማርቴልም በተንኮል ወደዚያው እንድትመጣ ይደረጋል። ይህ እሳት ለዓይን ያማረ፥ ለአሳብ ግን ባዶ ነው። ተመልካቹ ቀጣዩን ክፍል እንዲጠብቅ የተለኮሰ ነው። በነጋታው በከተማይቱ ሥራ አጥቶ የሚንከራተት ሰው በሚገባ አይታይም፤ አንድ አገር የሚኖርበት ፋብሪካ ተቃጥሎ ሳለ ሰው ሁሉ ቡናውን ይጠጣል። የሣህለ ሥላሴ ሠላሳ መንደር በአንድ ጎጆ ምክንያት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፥ ይህች ከተማ ለፋብሪካዋ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችም። ስለዚህ ወንጀሉ የሁሉም መሆኑ ይቀርና የአራት ወይም የአምስት ሰዎች የውርስና የኢንሹራንስ ጉዳይ ይሆናል።

የፓልመር ቤት ግን ሌላ ነው። እርሱ አይቃጠልም፤ ነጭ፥ ንጹሕ፥ ሁለት ፎቅ ያለው የእንጨት ቤት ሆኖ ይቆማል። ካሜራው ደጋግሞ የሚያሳየው ደረጃውንና ከደረጃው በላይ በጣራው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ነው። ገዳዩ ከውጭ እንዳልገባ ተመልካቹ የሚረዳው ቀስ በቀስ ነው፤ የልጅቱ አባት ሊላንድ ነው። በአባትየው ላይ ያደረው ክፉ መንፈስ እሳትን ጓደኛው አድርጎ ይጠራል። ሊላንድም ልጅ ሳለ በአያቱ የሐይቅ ዳር ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ክብሪት እየጫረ ይወረውርበትና በእሳት መጫወት ትወዳለህን ይለው እንደ ነበረ ያስታውሳል። በዚህ አኳኋን እሳቱ በቤቱ ላይ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ነው፤ እንደ ተዳፈነ ፍም። በእንጨት የሚሠራ ሕዝብ ለቤት እሳት ያለው ፍርሃት፥ በሣር ከሚከድን ሕዝብ ፍርሃት ብዙ እንደማይርቅ ከዚህ ይታያል። የጎርጎራ ሴት ማታ አመድ አልብሳ የምታሳድረውን፥ የፓልመር ቤት በፈገግታና በነጭ ቀለም አልብሶ ያሳድራል። ማንም አልቆሰቆሰውም፥ ስለዚህም ማንም አላየውም።

የሊላንድ መሞቻም በደንብ የታሰበ ነው። በተቆለፈ የእስር ክፍል ውስጥ ሆኖ ራሱን ከብረቱ በር ጋር ያጋጫል። በዚያው ጊዜ በሌላው ክፍል ከአንድ ሰው ሲጋራ የወጣ ጭስ፥ የእሳት መከላከያውን መሣሪያ ስላስነሣው ከጣራው ውኃ ይዘንባል። ቁልፍ፥ ጭስና ውኃ በአንድ ትዕይንት ተገናኙ። ሱስንዮስን ያዳነው ዓይነት በር እዚህ ገዳዩን ከገዛ ገዳዩ ጋር ይዘጋበታል፤ ሳይነድ የቀረ እሳት ደግሞ ልክ እንደ ጥምቀት ያለ ውኃ ያወርዳል። ሊንች ብዙ ጊዜ ተመልካቹን በምልክት ብዛት ያደክመዋል። በዚህ ትዕይንት ግን ሦስቱም ነገሮች በክፍሉ ውስጥ የራሳቸው ተራ ሥራ አላቸው፤ በር ይዘጋል፥ ጭስ ይወጣል፥ መሣሪያው ውኃ ይረጫል። ምልክትነታቸው ከሥራቸው የመጣ ስለ ሆነ አያስቸግርም።

የ2017ቱ ክፍሎች እሳቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ፖሊስ ሆክ አሮጌ የቆዳ ካርታ ዘርግቶ፥ በላዩ ያለው የእሳት ምልክት እንደ ዘመኑ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር መሆኑን ያስረዳል። በመጨረሻው ክፍል ኩፐር ሎራን የምትመስል ሴት ይዞ ወደ ፓልመር ቤት ይመጣል። በሩን የምትከፍተው ሴት እንግዳ ናት፤ ቤቱን የገዛችውም ከሌላ እንግዳ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ኩፐር ዘመኑ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሴቲቱ ትጮኻለች፤ በቤቱ ያለው መብራት ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ሐያስያን ስለ ጊዜ መዛባት ጽፈዋል። ከጎጆ ወገን ሲታይ ግን ነገሩ ቀላልና እጅግ የከፋ ነው፤ ምድጃው ጠፋ። ጎረቤት የለም፥ ጭራ የሚሰጥ የለም፥ ቤቱን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልቀረም። ሃያ አምስት ዓመት የፈጀ ምርመራ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሰው አጣ።

ወደ አገራችን ሲመለሱ፥ በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንና በኋላ የተጨመሩት ጣቢያዎች ብዙ ተከታታይ ድራማ አቅርበዋል። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሰው በጉጉት ይከታተለው የነበረው «ሰው ለሰው» ወንጀልን ከቤተ ሰብ ጋር አዋሕዶ ተርኳል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው የአስናቀ ገጸ ባሕርይም የክፉ ሰው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። የእነዚህ ድራማዎች ቤት የአዲስ አበባ ቪላ ነው፤ የብረት በር፥ ዘበኛ፥ ሳሎን፥ ሶፋ። ሴራው የሚመከረው በሳሎን ነው፤ ምስጢሩ የሚሰማው በበር ሥር ነው፤ ስለዚህም ሁሉም የግምብ ታሪኮች ናቸው፥ የጎርጎራው በር የልጅ ልጆች። በተውሶ ወይም በኪራይ ቤት የሚቀረጽ ድራማ ቤቱን ሊያቃጥል አይችልምና ለዚህ የገንዘብ ምክንያትም አለ። ምክንያቱ ቢገባም ጉዳቱ አይቀርም። ተመልካቹ በቤቱ ተቀምጦ የሚፈራው ወንጀልና በመስተዋቱ የሚያየው ወንጀል ተለያዩ።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በጭልጋና በመተማ በኩል በተነሣው ግጭት ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ነድዳለች። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የእሳት ቃጠሎን በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። ሕጉ ግን እንደ ማንኛውም ዘመናዊ ሕግ ስሙ የታወቀ አንድ አጥፊ ይፈልጋል። ቤት በጅምላ በነደደበት ጊዜ የሚነገረው ወሬ ደግሞ ስም የለሽ ነው፤ «ያልታወቁ ታጣቂዎች» ወይም «እነዚያ» ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፥ ማለት በአንድ ግለሰብና በስም የለሽ ብዙኃን መካከል፥ አፈርሳታ ይዞት የነበረ ሦስተኛ ቦታ ነበረ። እርሱም አንዱ ሌላውን በስም የሚያውቅ፥ ሳይናገር መነሣት የማይፈቀድለት፥ ካልተናገረም የሚከፍል ጉባኤ ነው። ሥርዓቱ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያስከፍል ስለ ነበረ ይመለስ ማለት አይቻልም፤ የ«ወፉ» ሐሜትም ስንቱን ሰው ያለ አግባብ እንዳስጠላ መገመት አያዳግትም። ለድርሰት ግን እንዲህ ያለው ክፋቱ እንኳ ሀብት ነው። አንድ የድራማ ጸሐፊ የተቃጠለ ቤት ይዞ ሲነሣ፥ ኮትና መነጽር ያደረገ መርማሪ ከከተማ ከማስመጣቱ በፊት ያንን ሜዳ ቢያየው፥ ሠላሳ ሰው እያንዳንዱ ተነሥቶ ሲምልና ሲዋሽ የሚሰማበት ትዕይንት በአንድ ቀን ፀሐይ፥ ያለ ቪላ፥ ያለ ብዙ ገንዘብ ሊቀረጽ በተቻለ ነበር።

የጎጆው ቁሳቁስ መለወጡም መታሰብ አለበት። በደምብያም ሆነ በሐይቁ ዳር ሣር እየቀረ ቆርቆሮ ተተክቷል፤ ግድግዳው ግን ብዙ ቦታ ያው እንጨትና ጭቃ ነው። ስለዚህ እሳቱ ከታች ይነሣል፥ ምሰሶውንና ማገሩን ይበላል፥ ጣራውም ሳይነድ ይወድቃል። ሣር ከተቃጠለ አመድ ብቻ ይቀራል፥ አመዱንም አንድ ክረምት ያጥበዋል። ቆርቆሮ ግን ይቀራል፤ ሙቀቱ የላዩን ልባጥ ስለሚያነሣበት በጥቂት ወራት ይዝጋል። ባለቤቱ አቅም ካነሰው ቀጥቅጦ አቃንቶ መልሶ ይመታዋል፥ አዲሱም ቤት በቀይ ጣራ ይቆማል። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ አሮጌ ቤት ይመስለዋል። አጠገቡ ያለው ጎረቤት ግን እያንዳንዱ ቆርቆሮ ከየትኛው ቤት እንደ ወረደና በየትኛው ሌሊት እንደ ቀላ ያውቃል።